በር ላይ የቆመው አሮጌ ኮምፒውተር

«አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ ኮምፒውተሩን አቅፎ ደጃፉ ላይ ከቆራሌ ጋር ይከራከራል። ቆራሌው ‹ጋሼ፣ ይኼንን ከምሸከም እርስዎን ብሸከም ይቀለኛል› ብሎት ሄደ።»

ይህን የሚናገሩት አያ ይማም ናቸው፤ በዘበኝነት ያረጁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። የሚያዳምጣቸው እሸቴ ነው። እሸቴ በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ ድንኳን ሲተክል፣ የውሃ በርሜል ብቻውን ሲያነሳ፣ ድግሱን ከዳር እስከ ዳር ሲመራ የኖረ ነው። ዘንድሮ ጉልበቱ ከዳው። ነገ የወንድሙ ልጅ ትዳራለች፤ ቤተሰቡ ግን «አንተ በሩ ላይ ብቻ ቁምልን» አሉት። ተቀየመ፤ ከሰርጉም እቀራለሁ አለ። አያ ይማም ዘንድ መጥቶም «ሁሉን ነጥቀው በር ላይ ካስቀሩኝ፣ እኔ ምን እረባለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሰውየው ኮምፒውተሩን መልሶ አስገባው። እንደ ድሮው ሁሉን ሊያሠራው ሞከረ። ፊልም አሳየኝ ሲለው ያንቀላፋል፤ ዝፈንልኝ ሲለው ይንተባተባል። በመጨረሻ ‹በቃ፣ ልገላግልህ› አለና የተሸከመውን አወረደለት። ፊልሙን አጠፋ፣ ጨዋታውን አጠፋ፣ ስክሪኑንም ነቀለለት። ኢንተርኔት ከውጭ የሚመጣበትን ሽቦ በአንድ ጎኑ፣ ወደ ቤት የሚያልፈውን በሌላ ጎኑ ሰካበት። ሥራው አንድ ብቻ ሆነ። ከውስጥ የጠሩትን ያስገባል፤ ማንም ያልጠራውን ይመልሳል። የቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በእሱ ጥላ ሥር ገባ።»

«እዚያስ አላንቀላፋም?» አለ እሸቴ ሳይወድ በግዱ።

«ሸክሙ ወርዶለት ምን ያንቀላፋል! እኔ እዚያው ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። እንጀራዬን ሊቀማኝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ገላምጬዋለሁ።»

እሸቴ ሊቆጣ መጥቶ ሳቅ አመለጠው።

አያ ይማም ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲህ እሸቴ፣ ያ ኮምፒውተር አንተ ነህ። በርሜሉን አወረዱልህ እንጂ አንተን አልጣሉህም። የሁለቱን ሙሽሮች ቤተ ዘመድ በመልኩ የሚለይ ከአንተ በቀር ማን አለ? ቤታቸውን አምነው ነው የሰጡህ።»

እሸቴ ብድግ አለ። ቆቡን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ አያ ይማም የክት ኮታቸውን ለብሰው ሰርጉ ቤት ደረሱ። በድንኳኑ በር እሸቴ ደረቱን ነፍቶ፣ ዱላውን አግድሞ ቆሟል። አያ ይማምን አይቷቸው እንደማያውቅ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«አባት፣» አለ ሳቁን ውጦ፣ «ከውስጥ ማን ጠርቶዎት ነው?»