ፀሐይን የተከተለው ሞተር

አንድ የሳይንስ መምህር ነበር፤ አስናቀ የሚባል። በሚያስተምርባት ከተማ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ አጣ። ከዓመታት በፊት ግርዶሽ ሲሆን ልጆቹ ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆይተው የአንዲት ተማሪው ግራ ዓይን ተጎድቶ ቀርቷል። ያን ጊዜም «አትዩ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ልጅን አትይ ማለት እኮ እይ ማለት ነው፤ ማን ሊሰማው!

ዘንድሮ ግን ዘዴ አለው። በስጦታ ያገኘው ቴሌስኮፕ የፀሐይን ምስል ነጭ አቡጀዲ ላይ ያሳርፋል። ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ጨርቁን ያያሉ። ችግሩ ፀሐይ ቆማ አትጠብቅም። ቴሌስኮፑ እኩል ካልተከተላት ምስሏ ከጨርቁ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ምስሉ ጠፋ ማለት ደግሞ ስድስት መቶ ልጅ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ ማለት ነው።

ስለዚህ ቴሌስኮፑን ቀስ እያለ የሚያዞር ትንሽ ሞተር ገጠመለት። መብራት አይታመንምና በባትሪ አደረገው። ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ፍጥነቱን አስተካከለና ሞከረው። ሩብ ሰዓት ያህል ሸጋ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ደከመ፤ ፀሐይዋ ጥላው ሄደች። የሞተሩን ማፍጠኛ ቁልፍ ጠምዘዝ አደረጋት። ተስተካከለና እንደገና ደከመ። እንደገና ጠመዘዘ፤ ባሰበት። «ኃይል አንሶት ነው» ብሎ የባጃጅ ባትሪ ተውሶ መጣ። ይኸኛውማ መጀመሪያ ፀሐይዋን ቀድሟት ሄደ፣ ኋላ እሱም እንደዚያኛው ይጎተት ጀመር።

ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተሩን በፌስታል አንጠልጥሎ ጋሽ መንበሩ ዘንድ ሄደ። ጋሽ መንበሩ ቴፕ ጠጋኝ ናቸው። ቴፕ የሚያስጠግን ሰው ከጠፋ ቢቆይም ሱቃቸውን አልዘጉም።

«ጋሽ መንበሩ፣ ከባጃጅ ባትሪ የበረታ ባትሪ የት አገኛለሁ?»

ለምን እንደፈለገው ሲነግራቸው ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«አይ አንተ! ልጅ ሆነህ ቴፕ ሰምተህ አታውቅም? ርካሹ ቴፕ ድንጋዩ ሲያልቅ ዘፋኙን እንደ ሰካራም ያስጎትተው አልነበር? ደህናው ቴፕ ግን እንዲያ አያደርግም። ለምን ይመስልሃል?»

«ባትሪው ጥሩ ስለሆነ?»

«ልክ የሚይዝለት ስላለው ነዋ!»

ከአንድ አሮጌ ቴፕ ሆድ ውስጥ የጥፍር ያህል ዕቃ አወጡ። «ይህች ባትሪው ሲሞላም ሲጎድልም ለሞተሩ ያንኑ ያህል ብቻ ታሳልፋለች። ግን የምታሳልፈውን ዝቅ አድርገን እንይዛለን። ሞተሩ ቀስ ሲል የማዞሪያውን ጥርስ ቀይረን እናካክሰዋለን።»

መምህሩ ደነገጠ። «ኃይል አነሰኝ ብዬ መጥቼ ጭራሽ ሊቀንሱብኝ ነው?»

«አዎ! አንተ ልኩን የቆረጥከው ባትሪው በጠገበ ሰዓት ነው። በጠገበበት ሰዓት የተቆረጠውን ሲደክመው ከየት ያምጣው? ሲደክምም የሚችለውን ቁረጥለት።»

የግርዶሹ ቀን ጠዋት መምህሩ ቴሌስኮፑን አቡጀዲው ፊት ተከለ። ፀሐይዋ አቡጀዲው ላይ ሰፌድ አክላ ታየች፤ ጠርዟ እንደተገመጠ ዳቦ ጎደለ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። ሩብ ሰዓት አለፈ። መምህሩ ሳያስበው እጁን ወደ ማፍጠኛዋ ሰደደ፤ የለችም። ጋሽ መንበሩ ነቅለዋታል፤ ያውቁታላ! ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ባትሪው እየጎደለ ነው፤ ምስሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና፣ ገልጣ፣ ጨርሳ ሄደች።

መምህሩ ከሁሉ የምትቀብጠውን ተማሪ ጠርቶ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሰማይ አይተሻል?» አላት።

«ምን ላድርግ ብዬ ቲቸር? ፀሐይዋ እዚህ አይደለች እንዴ!»

መምህር አስናቀ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እፎይ! ተመስገን!» አለ። እንባው መጣ፤ ልጆቹ እያዩት ነው፣ ግን አላፈረም።

ወዳጄ፣ እኛም ብዙ ጊዜ ቃል የምንገባው ሙሉ በሆንን ሰዓት ነው፦ ሥራ የጀመርን ሰሞን፣ ትዳር የያዝን ሰሞን። ስንደክም ደግሞ ራሳችንን እንጠመዝዛለን፣ ይብስብናል። ከአቅም ዝቅ ብሎ መጀመርን ስንፍና የሚሉት ሰዎች አሉ፤ አይስሟቸው። በእኛ የተማመነ ሰው የሚጠቅመው ስንደክምም የማይጎድልበት ልክ ነው። ጉልበትዎ ሲያልቅ ዓይናቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የቆረጡት ልክ የየትኛው ሰዓት ነው?