አህያ ያዘዘችው አጥር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው ደቦ በሚወጡበት አንድ ቆላ፣ አንዲት ያረገዘች አህያ ትኖር ነበር። በዚያ አገር ክረምት ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ የደቦ ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ወጥቶ የፈለገውን ይሠራለታል። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ቢፈርስ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ እስከ ከርሞ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

አንድ የቆየ ወግም ነበራቸው። ባለደቦው የሚሻውን ይናገራል፤ የመጣው ሁሉ «እሺ» ብሎ ይሠራል። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የጠየቀ ጉልበቱን እንደ ሰሰተ ይቆጠርበታል። በዚህ ወግ ስንቱ ነገር ተበላሸ መሰላችሁ! ኤሊ «ጎርፍ የማይደርስበት ቤት» ብትላቸው ቋጥኝ ጫፍ ላይ ሠሩላት። ቤቱ ያምራል፤ ምስኪኗ ኤሊ ግን ከሥሩ ቆማ አንጋጣ ከማየት በቀር አንድም ቀን አልገባችበትም።

የአህያ ተራ ሲደርስ አያ አንበሳ ቀበሮን የደቦው አለቃ አድርጎ ሾማት። አክብሯት አይደለም። ሥራ ሲመጣ ሹልክ ማለቷን ስለሚያውቅ ከፊት ቢያደርጋት አታመልጥም ብሎ ነው።

አህያ በጉባኤው መካከል ቆመች። «ከፍ ያለ የእሾህ አጥር እንድትሠሩልኝ ነው» አለች።

«ምን ያህል ከፍ ይበል?» አለ አጥር ሠሪው አያ ዝንጀሮ።

«ከጆሮዬ በላይ።»

«እሺ!»

«አይ፣ ከዚያም ይለፍ። ቀጭኔ እንኳ አሻግራ እንዳታይ።»

«እሺ!» አለ ዝንጀሮ። ዝንጀሮ ለሁሉም ነገር መልሱ እሺ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከእሺ በኋላ ነው።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። አምና የበኩር ልጇን፣ ቡላን፣ ጅብ እንደበላባት የማያውቅ አልነበረም። እንዴት እንደበላባት ግን ማንም አልጠየቀም፤ እሷም አልተናገረችም።

ቀበሮ ብቻ የሚቆረጠውን እሾህ ስታስበው ገና ከአሁኑ ወገቧን አመማት። አህያ ቤት የሄደችው ደግነት ገፋፍቷት እንዳይመስላችሁ፤ ምናልባት አጥሩ ዝቅ ቢል ብላ ነው።

«እህት አህያ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«አጥሩ ለምንድን ነው እንዲህ ከፍ እንዲል የፈለግሽው?»

አህያ ደነገጠች። «እመት ቀበሮ፣ በደቦ ለምን ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

«አይጠየቅም። እኔ ግን ነውር የማላውቅ መሆኔን አገር ያውቃል።»

«ጅብ እንዳይገባ ነዋ!»

«አምና የገባው አጥር ዘሎ ነው?»

የአህያ ጆሮዎች ወደ ኋላ ታጠፉ። «ከፍ ይበል ብያለሁ፣ ከፍ ይበል» አለችና ፊቷን አዞረች።

ቀበሮ ብልጥ ናትና ነገሩ ከአጥር ቁመት ያለፈ መሆኑ ገባት። ሄድኩ ብላ አልሄደችም፤ ቁጥቋጦ ሥር ጋደም ብላ ታያት ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህያ ከንፈሯ ደርቆ ወደ ምንጩ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። መንገዱን ስታጋምስ ቀጥ አለች። ዞራ ቤቷን አየች። ከዚያም አንዲት ጠብታ ውኃ ሳትቀምስ፣ በዚያ በከበደ ሆዷ እየሮጠች ተመለሰች። ቤቷ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

ቀበሮ ስለ እሾሁ ማሰብ ያቆመችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ አያ ጅቦ ዋሻ ሄደች። ራቅ ብላ ቆማ «አያ ጅቦ፣ ለአህያ አጥር ልንሠራላት ነው። አንተም ጎረቤት ነህና ሐሳብህን ልስማ ብዬ ነው» አለችው።

ጅብን ሐሳቡን የጠየቀው ፍጡር ከተወለደ ጀምሮ አልነበረም። ቁርበት የሚነጠፍለት መስሎት ተንጠራራ።

«ከፍ አድርጉት! ሰማይ ይድረስ!» አለ።

«ከፍ ቢል አንተ በምን ትገባለህ?»

«እኔ? ይህን ወገብ ይዤ አጥር ልዘል? ደረቴን የሚነካ እሾህ ካየሁ ዞሬ ነው የምሄደው። ለነገሩ መግባት ምን ያደርግልኛል?» ጅብ በብልጠቱ ተደስቶ ሳቀ። «ሲመሽ ውኃ ይጠማታል። ልጇን ይዛ ከወረደች ልጁ ቁልቁለቱን አይችልም፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ትታው ከወረደች ደግሞ ብቻውን ነው። አምና ምን የመሰለ... ይልቅ በሩን ወደ ምንጩ በኩል አድርጉልኝ።»

«እናስብበታለን» አለች ቀበሮ። ጅብን እንዲህ የጠላችበት ቀን አልነበረም፤ ቢሆንም አመስግናው ሄደች።

በደቦው ዋዜማ ዝንጀሮ እሾሁን ቆርጦ ከምሮ፣ የመጀመሪያውን ሊተክል ሲል ቀበሮ ያዘችው። «ቆይ። መጀመሪያ አጥሩ በሚቆምበት ዙሪያውን ቅጠል እናንጥፍ። አህያ ውስጡ ትዋልበትና ትየው። እሾህ ከተተከለ በኋላ መንቀል ያደማል፤ ቅጠል ማንሳት ግን ማን ይከብደዋል?»

«ባለደቦዋ እኮ ተናግራለች!»

«ተናግራለች። እስቲ ደግሞ ትኑርበት።»

ቅጠሉ በቤቷ ዙሪያ ተነጠፈ። አህያ መሃሉ ገብታ ሣር ስትነጭ ዋለች። «ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው» እያለች ቀበሮን ለማስደሰት ትሞክራለች። ሲመሻሽ ግን ወደ ቅጠሉ ዳር መጥታ ቆመች። ከታች ምንጩ ይታያል። ጉንዳን የማያስቆም ቅጠል ነው፤ እሷ ግን መራመድ አቃታት።

«ምነው እህቴ?» አለች ቀበሮ ጠጋ ብላ።

«ጠማኝ።»

«ውረጂና ጠጪያ።»

«ልጁስ?»

ቀበሮ ገና ያልተወለደውን ልጅ፣ የአህያን ሆድ፣ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የትኛው ልጅ?» አለቻት።

ያን ጊዜ የአህያ እንባ ወረደ።

«ተኝቶ ነበር» አለች። «ቡላዬ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። ሳይነቃ እመለሳለሁ ብዬ ወረድኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣፈጠኝ፣ ትንሽ ልድገም አልኩ። ስመለስ የለም። ሁሉም ጅብ በላባት ይላል፤ ትታው ሄዳ ነው የሚል የለም። አጥሩ ከፍ ካለ የሄድኩበትን መንገድ አላየውም ብዬ ነው፣ እመት ቀበሮ። ሌላ አይደለም።»

ቀበሮ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ» አለች፣ «አልተውሽውም። ጠምቶሽ ነው። ውኃ ያልጠጣች እናት በምኗ ታጠባለች? ትንሽ ልድገም ያልሽው ለእሱ ወተት ነበር።»

አህያ ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ያላት ማንም አልነበረም፤ እሷም ለራሷ ብላው አታውቅም።

«አሁን ንገሪኝ፤ ከሁሉ በፊት የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

አህያ ለመመለስ ብዙ አላሰበችም። «ስጠጣ ልጄን ማየት» አለች።

ቀበሮ ያን ምሽት አላረፈችም። ከምንጩ የሚጠጡትን ሁሉ፣ ምንጩ ለአህያ ቢታጠር ይቸግራቸው እንደሆነ እየዞረች ጠየቀቻቸው። ድኩላና ሚዳቋ «እኛ ከሥር ከጅረቱ እንጠጣለን፣ አይቸግረንም» አሏት። አንበሳ ትንሽ አጉረመረመ፤ የነገሩን ምክንያት ሲሰማ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ «ውኃው ለሁላችንም ይፈስ የለ፤ እኔም ከታች እጠጣለሁ» አለ።

የደቦው ቀን አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አህያ ወጣች። ወጉን አፍርሳ የተናገረችውን ልትለውጥ ነውና አስቀድማ ወደ ቀበሮ ዞር ብላ አየች።

«ከፍ ያለ አጥር ብያችሁ ነበር። የሚያስፈልገኝ ግን እሱ አይደለም። አጥሩ ዝቅ ይበልና ቁልቁል ወርዶ ምንጩን ይክበብልኝ። አምና ልጄን ትቼ ውኃ ወረድኩ። ዘንድሮ አብረን እንድንሆን ነው።»

አገሩ ሁሉ ለሷ ያዘነ መስሎት ነበር፤ የምታዝንበትን ነገር ግን ሳያውቅ ነው ያዘነላት።

«እሾሁ ያው የተቆረጠው እሾህ ነው» አለች ቀበሮ ወደ ዝንጀሮ ዞራ። «ወደ ላይ የምትከምረውን ወደ ታች ዘርጋው። የጅብን ደረት ካለፈ ይበቃል፤ ራሱ ባለቤቱ ነግሮኛል።»

ዝንጀሮ እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ቆመ። ራሱን አከክ አከክ አደረገና፣ «እህት አህያ» አለ፣ «ልጁ የሚተኛው በየት በኩል ነው? ከዚያ ሆኖ ምንጩ ይታያል ወይ?»

አህያ ቦታውን በአፍንጫዋ አሳየችው። በቤቱና በምንጩ መካከል አንድ ቁጥቋጦ ነበር፤ ዝንጀሮ መጀመሪያ እሱን ነቀለ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ተሰማራ። ቀበሮም ሳትወድ በግድ እሾህ ተሸከመች፤ ምላሷን እንጂ ጀርባዋን አሠርታ አታውቅምና እያቃሰተች ነበር።

ክረምቱ ሳይጠነክር አህያ ወለደች። ልጁ ጆሮው ከእግሩ የረዘመ፣ ሲቆም የሚወድቅ፣ ሲወድቅ የሚነሳ ነበር። ጅብ ሲመሻሽ ከአጥሩ ውጭ በቀረው የቁልቁለቱ መንገድ ላይ አድፍጦ ጠበቀ፤ በዚያ መንገድ ግን የሚወርድ አልነበረም። እሾሁን ዞሮ ዞሮ መግቢያ ሲያጣ በባዶ ሆዱ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

ልጁ ጠግቦ እንቅልፍ ወሰደው። አህያ ቀስ ብላ ወደ ምንጩ ሄደች። አፏን ውኃው ላይ አድርጋ ጥቂት ጠጣችና ቀና አለች። ልጁ አለ። እንደገና ጠጣች፣ ቀና አለች። አለ፤ ጆሮው ዝንብ ያባርራል። ያን ጊዜ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ቡላ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስክትረካ ድረስ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው ወገናችንን ለመርዳት ስንነሳ የለመነንን ብቻ ሰምተን እሺ ከማለት ይልቅ፣ ያስለመነው ሕመም ምን እንደሆነ ቀርበን በፍቅር መጠየቅ እንዳለብን ነው።