ከፀሐይ ጋር የተጋፋው ጸሐፊ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ልሳኑ ይባላል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ካለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በኮምፒውተር የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ይውላል። መቼም ባለጉዳይ ቃሉ ሲጻፍ በዓይኑ ካላየ አያምንም። ስለዚህ ልሳኑ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ባለጉዳዩ ከኋላው ቆሞ ስክሪኑን ይከታተላል። በበሩ የምትገባው ፀሐይ ግን ስክሪኑ ላይ እያረፈች ፊደሉን ታጠፋበታለች። እሷ ስትበረታ እሱ የስክሪኑን ብርሃን ሲጨምር፣ ሲጨምር መጨረሻው ላይ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ይቆጠቁጠው፣ እንባው ይወርድ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ "ዓይንህ ደህና ነው፤ ደክሞት ነው" አሉት። አላመነም። ልታወር ነው ብሎ ክፉኛ ፈራ፤ ከጽሕፈት በቀር ሌላ ሙያ የለውማ! በመጨረሻም ክፍሏን እንደሚለቅ ለአከራዩ ነገረ።

በማግስቱ ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ስለ ድንበር ክርክር ሊያጽፉ መጡ። ሁለት መስመር ሳይጻፍ የልሳኑ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"ምነው ልጄ፣ ገና በደሌን መች ጀመርኩትና ታለቅሳለህ?"

"ዓይኔ ነው ጋሼ። ሊጠፋብኝ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ቢሉ ብርሃኑ ወጋቸውና ፊታቸውን በእጃቸው ከለሉ።

"አይ አንተ! ከፀሐይ ጋር ትጋፋለህ እንዴ? እኔ አርባ ዓመት ነጭ ድር ላይ አፍጥጬ ዛሬም የተበጠሰውን ራሴ እቀጥላለሁ። ፀሐይ ስታስቸግረኝ መቀመጫዬን አዞርኩ። አንድ ክንድ በሸመንኩ ቁጥር ደግሞ ቀና ብዬ ማዶ ያለውን ዋርካ አያለሁ።"

ተጋግዘው ጠረጴዛውን ወደ ጎን አዞሩት፤ ሽማግሌውም በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከስክሪኑ ላይ ወረደች። ልሳኑ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ አጠገቡ ካለው ወረቀት ጋር ሲመሳሰል ተወው። ፊደሉ ጥርት ብሎ ታየው።

"እፎይ!" አለ፤ ትከሻው ሳይቀር ቀለለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ገጽ በጨረሰ ቁጥር ቀና ብሎ በበሩ ወደ ውጭ ያያል። ሳምንት ሳይሞላ እንባው ቆመ። እሱም እየሳቀ አከራዩ ዘንድ ሄዶ "አልለቅም" አላቸው።

ወዳጆቼ፣ ከሚያስቸግረን ነገር ጋር ጉልበት ስንፈታተን የምንጎዳው እኛው ነን። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ትንሽ ዞር ማለት፣ ትንሽ መቀነስና ማረፍ ነው። እስቲ ይህችን የምታነቡበትን ስክሪን ብርሃን ዝቅ አድርጉና ቀና በሉ። ከፊታችሁ ራቅ ብሎ ምን ይታያችኋል? ካያችሁትስ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?