አህያ ያስፈረጠጠው ምርቃት

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ድምፃችሁ የት ገባ? ጥርሳችሁ እስኪታይ መልሱ እንጂ! አዎ፣ እንደሱ።

በድሮ ዘመን አያ ሽባባው የሚባል ንብ አርቢ ነበረ። ማሩን ከነሰፈፉ ይገምጣል። መፋቂያ ግን አፉ አይደርስም።
፦ ጥርስ አጥንት ነው። አጥንት ይታጠባል እንዴ? ይላል። አይ ድፍረት!

ከዚያም ጤናው ከዳው። ውኃ ጥሙ በረታና እንስራውን ብቻውን ይጨርስ ጀመር። ዳገት ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይልበታል። እግሩ ላይ የወጣች ቁስልም አልድን አለች።
፦ ቡዳ በልቶኛል! አለና ነጭ ሽንኩርት አንገቱ ላይ አሰረ። አስቡት እንግዲህ ሽታውን!

እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ልትዳር ሆነ። በአገራቸው ደግሞ አባት እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ እትፍ እትፍ ብሎ ካልመረቃት ሙሽራ ከደጅ አትወጣም።

አያ ሽባባው መጀመሪያ ደጁ ባሰራት አህያ ተለማመደ።
፦ ውለጂ፣ ክበጂ፣ እትፍ!
አህያዋ ገመዷን በጠሰችና ወንዙን ተሻገረች። እስካሁን አልተመለሰችም።
፦ ወይኔ! ምርቃቴ እርግማን ሆኗል። ልጄን አልመርቃትም! አለ።
፦ አባባ፣ ካልመረቁኝ ትዳሩም ይቅርብኝ፤ አለችና እንጉዳይ አለቀሰች። የእሱም ሆድ ባባ። አባት አይደል?

ከዚያም እንጉዳይ ወጌሻዋን እማማ አትጠገብን ጠራች። አሮጊቷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ አፉን አየች። ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል።
፦ ሽባባው፣ ቡዳህ ይኸው! አህያህንም ያባረራት ይኸው የአፍህ ሽታ ነው። ይህን መግል ከደምህ ጋር ስታዞረው ልብህ ምን ይሁን? ቁስልህስ በምን ይዳን?
፦ ጥርስ አጥንት አይደለም እንዴ?
፦ አጥንትማ ነው። የተተከለው ግን ሥጋ ላይ ነው!

ጉጠቷን አወጣች። እንጉዳይ ራሱን ያዘች። አያ ሽባባው ሲጮህ ንቦቹ ቀፏቸውን ጥለው ወጡ። የመንጋጋ ጥርሱ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም የወይራ መፋቂያ ሆነ። ማሩም ተቀነሰና ከጥርሱ ይልቅ ይህ አስለቀሰው። ውሎ አድሮ ቁስሉ ደረቀ፣ ጥሙም ቀለለ። ልቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዳገቱን እያረፈ ነው የሚወጣው። ዘግይቷላ!

የሠርጉ ዕለት እጁን ጭኖ ቆመ። እንግዳው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ በሩ ተጠጋ። ሙሽራው ትንፋሹን ዋጠ። እንጉዳይ ብቻ ቀረበች።
፦ አባባ፣ ደህና አድርገው ይመርቁኝ!
፦ እትፍ!
ማንም አልወደቀም። አያ ሽባባው ደስታው አናቱ ላይ ወጣና ማቆም አቃተው። እትፍ እትፍ እትፍ! ሙሽራውን መረቀ፣ ሚዜዎቹን መረቀ፣ ወጡንም መረቀ። እንጉዳይም ዝናብ የመታት መስላ፣ እየሳቀች ከደጅ ወጣች።

በሉ፣ ተረቴን መልሱና ዳቦውን ቁረሱልኝ። ለስላሳው መሃሉ ለእኔ ይሁን። ቅርፊቱን ጥርሱን የሚፍቅ ይብላው!