ዝም የሚባልበት ደጅ

ደጅ ማለት ከቤት ውጭ ሆኖ ሳለ የቤቱ የሆነ፣ ሰው ገና ሳይገባ ጨዋነቱ የሚታይበት ስፍራ ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ ከአሮጌው ገበያ ሽቅብ በሚወጣ አንድ የድንጋይ ንጣፍ ጎዳና ላይ ደጅ ሞልቷል፤ እንግዳ የሚያዞሩ አስጎብኚዎችም በየደጁ እየቆሙ የሚያወሩት አያጡም። ከአንድ ዋርካ በላይ ካለው ዝቅተኛ በር ሲደርሱ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አፋቸውን ይዘው ያልፋሉ።

እንደሚነገረው ልማዱ የመጣው በአያልሰው ምክንያት ነው። አያልሰው በዘመኑ የጎዳናው ተወዳጅ አስጎብኚ ሲሆን፣ ቤቱ ደግሞ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከሞቱ ወዲህ ወራሽ አጥቶ የተዘጋ ነበር። ስለ ሴትየዋ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ራሱ ፈጠረላቸው፤ መጀመሪያ ንፉግ አደረጋቸው፣ እንግዶች ሲወዱለት ጊዜ ባላቸውን በመርዝ አስገደላቸው። ከዚያ «እስቲ ቤቶች! ብላችሁ ተጣሩ፤ በሕይወት ሳሉም ግቡ ብለው አያውቁም» ይላል። እንግዶቹ ይጣራሉ፣ መልስ ይጠፋል፣ ይሳቃል።

አንድ ቀን የወይዘሮዋ የፊት ለፊት ጎረቤት እትዬ ማንያህልሻል አስቆሙት።

«አንተ፣ ሴትየዋን ተዋት! መንገደኛ ሳታበላ የማታሳልፍ ሰው ነበረች።»

«እርስዎ ይሙቱ እትዬ፣ ደግ ሰው ማን ይጎበኛል?»

«እኔስ ነገርኩህ። ያውም ደጇ ላይ ቆመህ!»

በማግስቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ከደሴ የመጡ መምህራን በሩ ላይ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

«ግቡ» አለ ከውስጥ ለስላሳ የሴት ድምፅ።

ሳቁ ቆመ። የዛገው ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ነው፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ፣ ግቡ አሉን እኮ! ሲዋሹን ነበር እንዴ?» አለች አንዷ መምህርት።

«አያልሰው፣» አለ ድምፁ፣ «እንግዶቹ ይለፉ። አንተ ግባ። ስለ እኔ ብዙ ታውቃለህና ቁጭ ብለን እናውጋ።»

አያልሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አይ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ይባላል።

«በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ የተለመነ ሰው፣ ለማኙ በሕይወት ያለ እንኳ ቢሆን፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። አያልሰው ወደ እትዬ ማንያህልሻል ደጅ ዞር ብሎ ቢያይ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በሩም እንግዳ እንደተቀበለ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሲመሽ የሰፈሩ ሰዎች ቁልፉን ሰብረው ገቡ። ቤቱ የዓመታት አቧራ ለብሷል፣ ወለሉም ላይ ዱካ የለም፤ መደቡ ላይ ብቻ ጎን ለጎን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ስፍራ ተጠርጎ ተገኘ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወይዘሮዋ ደግም ሆነ ክፉ፣ እዚያ ደጅ ላይ የሚናገር አስጎብኚ የለም። የአስጎብኚዎቹ ማኅበርም ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ለጎዳናው ሌላ ሰው መደበ።