ባዶው እንቅብ

አንድ ደጓሽ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። የተበጠሰ መጽሐፍ ሰፍቶ ቆዳ ሲያለብስ፣ ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ ራሱ መጽሐፉ እንኳ አያውቀውም ይባልለት ነበር። ሰው ሲያመሰግነው አንገቱን ይደፋል፤ በሆዱ ግን ደስ ይለዋል። ታዲያ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ስንቱን መጽሐፍ ሲደጉስ ኖሮ፣ ቁጭ ብሎ ያነበበው አንድም አልነበረም።

የይርዳው አገር ሩቅ ነው። በሰው አገር የተዳረች አንዲት ሴት ልጁ ታመመች ሲባል ወደምትኖርበት ከተማ መጣ። ሁለት ሳምንት አስታሞ ቀበራት። ባሏ ቀድሞ አርፎ ስለነበር፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጁን ማንያህልሻልን ለማሳደግ እዚያው ቀረ። በለቅሶው ላይ አላለቀሰም። "እኔ ከወደቅኩ ልጅቷን ማን ያነሣታል?" አለ። ማንያህልሻል ደግሞ እናቷ ከተቀበረችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ሲጠራት ትመጣለች፣ ሲሰጣት ትበላለች፣ ሲጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች፤ በቃ። አራት ወር ሆነ። ጠበል አስጠመቃት፤ ከቁርጥራጭ ቆዳ አሻንጉሊት ሰፋላት። ምንም የለም። ሽማግሌው ፈጣሪውን የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምጿን መስማት።

በዚያች ከተማ እመት ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። አርብ አርብ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው በብራና የተሣለች አንዲት የልጆች መጽሐፍ ያነቡላቸዋል። ሁልጊዜም ያቺኑ ነው። ለእናቶቻቸው የተነበበችው እሷው ናት፣ ለአያቶቻቸውም እሷው። ማን እንደሣላት የሚያውቅ የለም። ነገሯም ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ሰፊ የእህል እንቅብ አላት። ውስጡ ስትቀመጥ ጀልባ ይሆንላትና ወንዝ ትሻገርበታለች። ስትደፋው ጎጆ ይሆንላትና ከዝናብ ትጠለልበታለች። ራሷ ላይ ስትጭነው ዘውድ ይሆናል፣ ትነግሥበታለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ልጅቷም የለች፣ ወንዙም የለ፤ ባዶ እንቅብ ብቻ አለ።

ይርዳው በየአርቡ ማንያህልሻልን እስከ ደጃፉ ያደርሳታል። ሥራ አለብኝ ይልና ከዚያው ይመለሳል።

አንድ ቀን እመት ዘርትሁን መጽሐፏን ይዘውለት መጡ። ስፌቷ ላልቶ ቅጠሎቿ ሊረግፉ ደርሰዋል።

"አያ ይርዳው፣ ክሩን ብቻ ያጥብቁልኝ። ሌላውን እንዳይነኩብኝ" አሉት።

ይርዳው ክሩን አጠበቀ። የደጓሽ እጅ ግን መች ያርፋል? ቅጠሎቹን ሲያገላብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። የእንቅቡ ውስጥ ከልጆች ጣት ብዛት ወይቧል። "ወይ ጉድ! እነዚህ ልጆች እዚህ የነበረውን ሥዕል ጠርገው አጥፍተውታል እኮ" አለ ለራሱ። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣለት። "አሳምሬ ብሞላው፣ ማን ያውቃል፣ ማንያህልሻል ደስ ብሏት ትናገር ይሆናል።" ያለውን ቀለም ሁሉ አወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ አጎንብሶ እንቅቡን በኮክና በወይን ሞላው። ከላይ አንዲት ቢጫ ወፍ አስቀመጠበት። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

አርብ ሲደርስ መጽሐፏን መለሰና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ትቶ ከልጆቹ ኋላ ተቀመጠ። እመት ዘርትሁን አነበቡ። ልጆቹ ከጀልባዋ ጋር ተወዛወዙ፣ ከጎጆዋ ሥር ተኮራመቱ። የመጨረሻው ገጽ ሲገለጥ "አቤት ሲያምር!" አሉ ባንድ ድምፅ። የይርዳው ልብ ቅቤ ጠጣ። እመት ዘርትሁን ግን ገጹን ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ እንደ ወትሯቸው፣ "እህስ ልጆቼ፣ ዛሬ እንቅቡ ውስጥ ምን አለ?" ብለው ጠየቁ።

"ኮክ" አለ አንዱ።

"ኮክና ወይን" አለች ሌላዋ።

"ወፍም አለች" አለ ሦስተኛው።

አራተኛው የሚጨምረው አጣ። ሌላ ጊዜ ሂዱ ቢባሉ የማይነሡ ልጆች፣ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ።

ማንያህልሻል ብቻ ቀረች። ወደ መጽሐፏ ተጠግታ ጣቷን ዘረጋች፤ ሥዕሉ ላይ ሳታሳርፈው መለሰችው። ከኮኩ ሥር ፈለገች፣ ከወፏ ኋላ ፈለገች። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች።

"አባባ፣ እማዬን የት ወሰድካት?"

አራት ወር ሙሉ የጠበቀው ድምፅ ይኸው መጣ።

ልጅቷ ወደ ደጅ ስትወጣ እመት ዘርትሁን ጠጋ ብለው ነገሩት። "የጠፋ ሥዕል አልነበረም፣ አያ ይርዳው። ያ እንቅብ ሲሣልም ባዶ ነው። ልጆቹ በየተራ ጣታቸውን ያሳርፉና የታያቸውን ይናገራሉ፤ የቤታችን ወግ ነው። አንዱ አንበሳ አየሁ ይላል፣ አንዷ ትኩስ ዳቦ። የእርስዎ ልጅ አፏን የምትከፍተው እዚያች ላይ ብቻ ነበር። 'እማዬ አለች' ትላለች። አንድ ቀን 'ተኝታለች'፤ ሌላ ቀን 'ፀጉሯን እየተሠራች ነው'።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ከደጃፍ አይደል የሚመለሱት?" አሉና ፊቱን አይተው አዘኑለት። "በፍቅር ያደረጉት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።"

ይርዳው መጽሐፏን ይዞ ተመለሰ። ቅጠሉን ቆርጦ በሌላ መተካት ይቀለው ነበር፤ የስንት ልጅ ጣት ያረፈበትን ብራና ግን አልጨከነበትም። የመፋቂያ ቢላውን ሳለ። ቀለሙ ጠልቆ ገብቷል። ጫን ካለበት ብራናው ይቀደዳል፣ ካላላበት ሥዕሉ አይለቅም። የዕድሜውን ምርጥ ሥራ ፍሬ በፍሬ ፋቀው። ወፏ ጋ ሲደርስ ሳሳላት፤ ቢሆንም ፋቃት። ሲጨርስ ብራናው በዚያ ቦታ ከመቅጠኑ የተነሣ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ እመት ዘርትሁን ገጹን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉት። እንቅቡ ከውስጥ በራ። "ፀሐይ ገብታበታለች!" "ማር ነው!" "የለም፣ የጅብ ዓይን ነው!" ልጆቹ ተንጫጩ። የማንያህልሻል ተራ ደረሰ። ጣቷን አሳርፋ ቆየች።

"መጣች" አለች።

ከዚያ የአያቷን እጅ ይዛ ጎተተችው። "አባባ፣ ና አንተም እይ።"

"ተይኝ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ" አለ። እሷ ግን አልተወችውም። ሙጫ ያደረቀው ወፍራም ጣቱን፣ ብራናውን እንዳይቀደው እየፈራ አሳረፈ። መጀመሪያ ምንም አልታየውም። ቆይቶ ግን የማንያህልሻልን ያህል የሆነች ሌላ ልጅ፣ ከዓመታት በፊት በእንቅብ ውስጥ ተቀምጣ "አባባ፣ ግፋኝ!" የምትል ልጅ ታየችው።

"ምን አለ?" አለችው የልጅ ልጁ።

"ልጄ" አለ። በቀብሯ ቀን ያላነባው ሰው እዚያ በልጆች መካከል ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ማንያህልሻል በመዳፏ እንባውን ጠረገችለት፤ "ጠጋ በል አባባ፣ ለሁለታችን ይበቃል" አለችው። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ይርዳው መልስ መስጫ ፋታ እንኳ አላገኘም።

ወዳጆቼ፣ አንዲት የልጆች መጽሐፍ ከእናት ወደ ልጅ ስትሸጋገር የምትኖረው፣ አንባቢዋ የራሱን የሚያኖርበት ቦታ ስለምትተውለት ነው። እኛ አዋቂዎች ግን ባዶ የመሰለንን ሁሉ፣ ያውም ከፍቅር ብዛት፣ ቶሎ ብለን እንሞላለን። ልጁ ዝም ሲል እናወራበታለን፤ የታየውን ሲነግረን እናርመዋለን። የምንወደው ሰው ልቡ ውስጥ ማንን እንዳስቀመጠ የምናውቀው አጠገቡ ቁጭ ብለን ስንጠይቀው ብቻ ነው።

እናንተስ በገዛ እጃችሁ አሳምራችሁ የሞላችሁት የማንን እንቅብ ነው? ከመሙላታችሁ በፊትስ "ምን ይታይሃል?" ብላችሁ ጠይቃችሁት ነበር?