በአራተኛው ቀን የመጣችው ደብሬ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አባቴ ያልነበረበት፣ የአባቴም አባት ያልነበረበት፣ ይህ ከፊታችን የተኛው ሜዳ ግን የነበረበት ድሮ ነው። እኔ ከእናቴ ሰማሁ፤ እናቴ ከእናቷ ሰማች። የጨመርኩት ካለ ይቅር በሉኝ፤ የቀነስኩት ግን የለም።

ያን ጊዜ ሰንበሌጥ ሜዳ የሚባለው መንደራችን እዚህ ጉብታ ላይ አልነበረም። ታች፣ ከወንዙ ዳር ነበር። ወንዙን ጋላቢው ይሉታል። በበጋ ውኃው ለአንድ ዶሮ አይበቃም። በክረምት ግን ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሳይታሰብ ይደርሳል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። ስለዚህ ሰዎቹ ወንዙን ይረግሙታል፤ ከዳርቻው ግን ንቅንቅ አይሉም።

አንድ ሐምሌ፣ ቀትር ላይ፣ ጋላቢው መጣ። ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ዛፍ ይዞ መጣ። ቤቱን ወሰደ፣ ከብቱን ወሰደ፣ ቡቃያውን ወሰደ። ከሰዉም አሥራ ዘጠኝ ነፍስ ወሰደ። ከእነዚያ መሐል የሻሼ ባልና ሁለት ልጆቿ ነበሩ። ሻሼ የእናቴ ቅድመ አያት ናት። ያን ቀን ብቻዋን ቀረች።

ወሬው በዚያው ዕለት ላይ አምባ ደረሰ። ላይ አምባ ደጋው ላይ ያለው መንደር ነው። የላይ አምባ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህን አደራ ልብ በሉልኝ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ምግቡንም መጠጡንም ተሸክመው ወረዱ። አስከሬን ፈለጉ፣ ቀበሩ፣ አለቀሱ፣ እዝን አበሉ። ሰልስቱ ሲወጣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወጉ ያ ነበር። ሞትም ቢሆን፣ እሳትም ቢሆን፣ ጎርፍም ቢሆን፣ ወጉ ሦስት ቀን ነበር።

ከእነሱ ጋር ከላይ አምባ የተነሣች አንዲት ሴት ነበረች። ደብሬ ትባላለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ መሬት የላት። በየሰዉ ቤት ጎታ እየሠራች የምትኖር ነበረች። ጎታ መቼም ታውቃላችሁ፤ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው። አንድ እግሯ አጭር ነበር። አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔ እናቴንም አንቱ ብዬ አላውቅም።

ሌላው በግማሽ ቀን የሚወርደውን ቁልቁለት ደብሬ ስታርፍ ስትነሣ ሦስት ቀን ወረደችው። መንገድ ላይ የአገሯ ሰዎች ሲመለሱ አገኟት።

«ደብሬ፣ ተመለሺ። ሰልስቱ እኮ ወጣ» አሏት።

«ታዲያ የያዝኩትን በሶ ምን ላድርገው?»

«ቤትሽ ገብተሽ ብዪዋ!» ብለው ሳቁባት።

«ለሰው ያልኩትን?» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

በአራተኛው ቀን ጧት ሰንበሌጥ ሜዳ ደረሰች። ሰዉ በየድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። የሚያለቅስ የለም፤ የሚናገርም የለም። ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹም ረታ። «ከእንግዲህ እዚህ የሚያኖረን የለም። በየፊናችሁ ሂዱና ባለ ርስት ፈልጋችሁ ጭሰኛ ሁኑ» እያለ ነበር። ይህ ማለት መንደሩ አለቀ ማለት ነው። ዘመድ ከዘመዱ ይለያያል። የእነዚያ የአሥራ ዘጠኙ መቃብርም ጎብኚ ያጣል።

ደብሬ እያነከሰች መሐላቸው ገባች። «እግዜር ያጥናችሁ። ዘገየሁባችሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለች። በሶዋን አሸች፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጭብጥ ሰጠች። ከዚያ ተቀምጣ እግሯን ማሸት ጀመረች።

«እግሬን አሞኛል» አለች። «ዛሬ ከእናንተ ዘንድ ልደር። ነገ እሄዳለሁ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ቤት የሌለው ሰው እንግዳ መጣበት! እንግዳን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ቤቱ ቢወሰድ ነውሩ አይወሰድም። ረታ ራሱን አከከ። «በሉ እንግዲህ፤ ለእንግዳችን መጠለያ ሥሩላት። እሷን ሸኝተን እንሄዳለን» አለ።

«የት ይሠራልሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እዚያ ጉብታው ላይ። እኔ እንደናንተ መሮጥ አልችልም። ወንዙ ቢመጣ ይበላኛል።»

ጉብታው ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ፍየል እንኳ የሚንቀው ቦታ። ቢሆንም የእንግዳ ቃል ነውና ግንድ ጎትተው፣ ሣር አጭደው ጎጆ አቆሙላት። እንግዳ ብቻዋን አታድርም ብለው ሻሼን አብረዋት አሳደሯት።

በማግሥቱ ረታ መጣ። «እግርሽ እንዴት አደረ?» አላት። «አሞኛል። ነገ እሄዳለሁ» አለችው። በማግሥቱም መጣ። «አሞኛል። ነገ እሄዳለሁ» አለችው። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። ሰዎቹም እንግዳዋ እስክትሄድ ብለው ለራሳቸው ዳስ ቀለሱ። እንግዳዋ እስክትሄድ ብለው ምንጩን ከደለል ጠረጉ። አንድ ቀን ሻሼ «ደብሬ፣ እውነት ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከተወለድኩ ጀምሮ» አለች ደብሬ። ውሸት አልነበረም።

አንደኛው ፈተና፣ የመበተን ፈተና፣ እንዲህ አለፈ። ሁለተኛው የረሃብ ፈተና ነው።

መስከረም ሲጠባ ደብሬ ጉብታው ላይ ትልቅ ጎታ መሥራት ጀመረች። ሰዉ እየመጣ ያያል። «ምን ሊገባበት ነው?» ይላታል። «እህል» ትላለች። እህል የሚባል ነገር ያለቀበት ሰው ምን ይበል? አዘነላት፤ ጎርፉን ሳታይ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት ብሎ አዘነላት። ጎታው ሲደርቅ ምርኩዟን ይዛ ማሽላ ወደሚያበቅሉት የወይና ደጋ መንደሮች ወጣች። መከር ደርሶ ነበርና ጎታ የሚፈልግ ቤት ብዙ ነበር። ከቤት ቤት እየዞረች ሠራች። ዋጋዋን ስትጠየቅ «ለዘር የሚሆን ማሽላ» ትላለች። ጥር ሲገባ ሁለት አህያ ተውሳ፣ ሙሉ ዘር ጭና እየነዳች ተመለሰች። ዘሩን ጎታው ውስጥ ጨመረችና አፉን በጭቃ መረገችው።

መጋቢት ግን ከባድ ወር ነበር። ሰዉ ሳማ ቀቅሎ በላ፤ የቁልቋል ፍሬ በላ፤ እሱም አለቀ። ሁለት ሽማግሌዎች በረሃብ ሞቱ። ደብሬ በእነሱ ሞት እስክትቀበር ድረስ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ያንን መደበቅ አልፈልግም።

ሽማግሌዎቹ በተቀበሩ ማግሥት ረታ መጥረቢያ ይዞ፣ ጎልማሶቹን አስከትሎ መጣ። ደብሬ ጎታውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሻሼ ከጎኗ ነበረች።

«ጭቃ ሹም፣ ይህ ቤት የማን ነው?» አለች ደብሬ።

«የእንግዳችን።»

«ጎታውስ?»

«የእንግዳችን።»

«እንግዳችሁ ብሉ ብላችኋለች?»

ረታ መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ጎልማሶቹም መሬት መሬት አዩ። ርቧቸዋል፤ ልጆቻቸው ርቧቸዋል። የእንግዳን ጎታ መስበር ግን እጃቸው እንቢ አላቸው። ረታ መጥረቢያውን ጣለና ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደብሬም አብራው አለቀሰች። «እኔም እኮ ርቦኛል» አለችው። «ይህን ብንበላ በወሩ መልሶ ይርበናል። ያን ጊዜ ደግሞ የምንሰብረው ጎታ አይኖርም። ይነሡ፣ ከወንዙ ማዶ ያልተለቀመ ሳማ አይቻለሁ።» እሷ እያነከሰች ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነው ሳማ ለቀማ ሄዱ።

በሚያዝያ ዘሩን ዘሩት። በኅዳር አጨዱት። ደብሬ በሃያ ሁለት ቤት ሃያ ሁለት ጎታ ሠራች፤ ሃያ ሁለቱም ሞሉ። ረታ የማሽላ እሸት ይዞላት መጥቶ «እግርሽ እንዴት ነው?» አላት። «አሞኛል። ነገ እሄዳለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እግሯን የጠየቃት ሰው የለም።

ሦስተኛው ፈተና የጥጋብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ሰዉ ማሽላው ሲሞላለት ጎርፉን ረሳና ቤቱን እንደገና ታች፣ ከወንዙ ዳር ሠራ። ደብሬ በየክረምቱ «ወደ ላይ ውጡ» ትላለች። እነሱ «አፈሩ ያለው ታች ነው» ይላሉ። «ታች የሚበቅለው ማሽላው ነው። እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ትላለች። ይስቃሉ። ይወዷታል፤ ግን አይሰሟትም።

እሷም መለመኑን ተወች። በጋ በመጣ ቁጥር ድንጋይ እየካበች፣ አፈር እየሞላች ጉብታው ላይ የቤት መደብ ትደለድላለች። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች። ከዚያ ሻሼ አገዘቻት። ከዚያ አንድ ሚስት የሞተችበት ዝናቡ የሚባል ጎልማሳ ድንጋይ ሊያነሣላቸው መጣ፤ ድንጋዩን ትቶ ሻሼን አነሣ፤ እኛም ከዚያ ተወለድን። በአራተኛው ዓመት ጉብታው ላይ ሃያ ሁለት ባዶ መደብ ነበር። «ለማን ነው?» ሲሏት «ለእንግዳ» ትላለች።

በዚያ ክረምት ጋላቢው እንደገና መጣ። እንደ ፊተኛው በቀትር መጣ፤ እንደ ፊተኛው ድንጋይ ይዞ መጣ። ሰዉ ግን ያን ጊዜ መሮጫውን ያውቅ ነበር። ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ተሸክሞ ወደ ደብሬ ጎጆ ወጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ መደብ ላይ ቆሞ ቤቱ ሲሄድ አየ። ረታ ሰዉን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። ከደብሬ እግር ሥር ወድቆ አጭሩን እግር ሳመ። ደብሬም «ኧረ ይተዉ፣ እሱን ያመኛል» አለችው።

የላይ አምባ ሰዎች እንደ ወጉ እዝን ተሸክመው ወረዱ። «ማን ሞተ?» አሉ። «ማንም» አሏቸው። ያመጡት እዝን የደቦ ምሳ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን አልተመለሱም፤ ጣሪያው ተከድኖ እስኪያልቅ አብረው ከረሙ። መንደራችን ያን ጊዜ እዚህ ጉብታ ላይ ወጣ፤ ይኸው አልወረደም።

ደብሬ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ስትሞት መንደሩ ሁሉ ቀበራት፤ የላይ አምባም ሰው መጥቶ፣ እዝኑ የመንደሩ ነው ብሎ ተመለሰ። ከቀብር መልስ ሻሼ የእናቷን ያህል ሐዘን ተቀምጣ እዝን የሚያመጣ ጎረቤት ጠበቀች። ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ባሏ ዝናቡ ጭብጥ ቆሎ ቆልቶ አቀረበላት፤ እሷ ግን ተናደደች። «ይህ ነው ውለታዋ? ይህ ነው?» እያለች ተንሰቀሰቀች።

በአራተኛው ቀን ጧት በሩን ስትከፍት ሃያ ሁለቱም ቤት ደጇ ላይ ቆሟል። መሶብ የያዘ አለ፣ እንስራ ያዘለች አለች፣ እንጨት የተሸከመ አለ፣ በሬ የነዳ አለ። እርስ በርሳቸው በግርምት ይተያያሉ። ለካ እያንዳንዱ ቤት «ሦስቱን ቀን ሌላው ይሞላዋል፤ እኔ ለደብሬ የሚገባውን አራተኛውን ቀን ልያዝላት» ብሎ ኖሯል።

«ሦስት ቀን በረሃብ ገደላችሁኝ!» አለች ሻሼ። እያለቀሰች ሳቀች። ሰዉም ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ያን ቀን ረታ አዲስ ሥርዓት ሠራ። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ጎርፍ ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሰው ቢሞት፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሦስቱን ቀን ይመጣል። አንድ ቤት ብቻ በተራው ወደ ኋላ ይቀራል። እሱ በአራተኛው ቀን መጥቶ «ነገ እሄዳለሁ» ይላል፤ ተጎጂው ዘርቶ እስኪያጭድ ግን አይሄድም። የዚያን ቤት ሰው «ደብሬ» እንለዋለን። ወንድ ቢሆንም ደብሬ ነው። «ዘንድሮ ደብሬው ማን ነው?» ስንባባል የሰማችሁት እንግዲህ ይህ ነው።

አምና ክረምት የእኔ ቤት ተናደ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ ይመር ምሰሶ ተሸክሞ መጣ። እስከ ኅዳር ድረስ ከእኔ ጋር ነበር። ማሽላዬን አብሮኝ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎታዬን ሞልቶ ነው የሄደው። እግዜር ይስጥልኝ ስለው ወደ ጉብታው ጫፍ፣ ወደ መቃብሯ አሳየኝ።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። ልጆቼ «አባባ፣ አርጅተሃል፣ ጉልበትህም ከድቶሃል፤ ይለፍህ» አሉኝ። እንቢ አልኳቸው። በዚህ ጉልበቴ ለመዘግየት ማን ይቀድመኛል?